አሥር ከአሥር

ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪ ያስለቀስኩት በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው። በዱላ አላምንም። ቁጣ ግን አለኝ፤ እሱን አልክድም። ታናሽ እህቴ «አንቺ እኮ የመልካም ልደት ካርድ ቢደርስሽ አርመሽ ትመልሻለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ጊዜ አርሜ መልሼላታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሥራ ያላቸውን ሰዎች አስተምራለሁ። ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለች። ሁሉንም አንተና አንቺ ነው የምላቸው፤ እነሱ እኔን አንቱ ይሉኛል፤ ሥርዓት ነው። ዘዴዬም አንድ ነው፦ በየሳምንቱ ሁለት ቃል። ሰው የሚያምታታቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት እመርጣለሁ፣ ልዩነታቸውን አስረዳለሁ፣ ከዚያ እነሱ ከራሳቸው ሕይወት አሥር ዐረፍተ ነገር ሠርተው ይመጣሉ። ቃላቱን ያሰምሩባቸዋል። እኔ የማየው የተሰመረበትን ነው። ቃሉ በቦታው ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ። ዐረፍተ ነገሩ ስለ በግ ይሁን ስለ ባቡር ጉዳዬ አልነበረም።

ደብተሮቹን ዓርብ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እወስድና አርባውንም አውቶቡስ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አርሜ ቤቴ እገባለሁ። አሥር ከአሥር ላመጣ «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ብዬ እጽፋለሁ። በዚህ ፍጥነቴ እኮራ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ክፍሌን ረግጣ የማታውቅ አንዲት ሴት ሕይወቷ በዚያ ቀይ እስክሪብቶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅኩም።

ከአርባዎቹ ሁሉ የምወደው ተማሪ በያጁ ነበር። በርና የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ሰው ነው፤ እጆቹ የብየዳ ፍንጣሪ ባቃጠላቸው ትናንሽ ነጠብጣቦች ተሞልተዋል። ከእኔ ቀድሞ ይመጣል፣ ሰሌዳ ይጠርጋል፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደብተሩን በላስቲክ ለብዶታል። ውጭ ሀገር የብየዳ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ቀጣሪዎቹ የአሥራ ስድስት ሳምንት ምስክር ወረቀት ጠይቀውታል። በእንግሊዝኛ ሳናግረው ግን ፈገግ ብሎ መሬት መሬት ያያል። «እኔ ጽሑፍ ላይ ነኝ ቲቸር» ይለኛል። ደብተሩ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ከእንግዳ ተቀባዩ ይበልጣል። አንዳንድ ሰው አፉ ዓይን አፋር፣ እጁ ደፋር ነው ብዬ ተውኩት። ስሕተት ማግኘት ሥራዬ ነው፤ ያንን ስሕተት ግን አላገኘሁትም።

በዘጠነኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ አሎንና ሎንሊ ብዬ ጻፍኩ።

«አሎን ማለት አጠገብህ ሰው የለም ማለት ነው» አልኩ። «ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ሎንሊ ግን በዓይን አይታይም። ሆድ ብሶታል፣ ሰው ሰው ብሎታል ማለት ነው። ብቻህን ሆነህ ሆድህ ላይብስህ ይችላል። መቶ ሰው መሀል ቆመህም ሊብስህ ይችላል። ሁለቱን ያምታታ ቅዳሜ አይምጣብኝ።»

«እኔ ቲቸር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ስድስት ልጅ፣ አንድ ባልና አንዲት አማት አሉብኝ። አሎን የምትባለዋን ካገኙልኝ አድራሻዋን ይስጡኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሹፌሩ ደግሞ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚባለውስ፣ ሎንሊ ነው ቲቸር?» አለ።

«ማዋስና መዋስን በአምስተኛው ሳምንት ጨርሰናል፣ አትመልሰኝ» አልኩት፤ እኔም ሳቅ አምልጦኝ ነበር።

በያጁ አልሳቀም። ሁለቱን ቃላት በጥንቃቄ ገልብጦ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አንድ ሰው ብቻውን ይቀመጣል እንበል። መጀመሪያ ያለቅሳል። ከዚያ ማልቀሱን ከተወ፣ ሎንሊ መሆኑ ቀረ፣ አሎን ብቻ ሆነ ማለት ነው?»

«ልክ ነህ!» አልኩ ደስ ብሎኝ። «ይኸው፣ የገባው ሰው!»

ራሱን ነቀነቀ። የለካው ብረት ልክ የመጣለት ሰው አነቃነቅ ነበር። አሁን ያንን አነቃነቁን ሳስበው ይቀፈኛል፤ ያኔ ግን ማስተማሬ ፍሬ አፈራ ብዬ ኮራሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ አውቶቡሳችን መንገድ ላይ ተበላሸና አርባ ደቂቃ ቆምን። ደብተሮቹ አልቀው ነበር። መስኮት መስኮት ማየቱ ሲሰለቸኝ፣ ራይት ካደረግኩበት ከበያጁ ደብተር የመጨረሻዋን መስመር እንዲያው ለወጉ አነበብኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የአሎንና የሎንሊን ልዩነት እንደዚያ አድርጎ የጻፈልኝ ተማሪ አልነበረም። ሌሎቹን ዘጠኙን ግን ዞሬ አላየኋቸውም። ነገ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ደብተሩን አነሣሁ። «ዝም ብላችሁ ስሙ» አልኩና በእንግሊዝኛ አነበብኩ። ነርሷ «ውይ» አለች። ሹፌሩ አጨበጨበ። «በያጁ፣ ግጥም ጀመርክ እንዴ? ብረቱን ተወውና!»

በያጁም እየተሽኮረመመ አብሯቸው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው የመጣው። «ምን ይላል ቲቸር?» አለኝ።

ትሕትና መሰለኝ። «እንግዲህ እኔ ልተርጉምልህ» አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፣ ሆዴ አይብሰኝም፤ ብቻዬን ነኝ እንጂ» አልኩ።

ክፍሉ እንደገና አጨበጨበ። በያጁ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ ዓይኖቹ ግን ከደብተሩ ላይ አልተነሡም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ እጇን አላነሣችም። አፏን በትንሹ ከፍታ እሱን ታየው ነበር።

ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲወጣ በያጁ ቀረ። ልብስ ሰፊዋም ቦርሳዋን እየነካካች ከኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ካላስቸገርኩዎ» አለ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ እያስጠጋ፣ «ሌሎቹንም በእኛው ቋንቋ ይንገሩኝ።»

ሰው የገዛ ጽሑፉን ተርጉሙልኝ ሲል ምን ማለት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ዓይንም ለእኔ ባዳ ነበር። ትጉህ ተማሪ አገኘሁ ብዬ መነጽሬን አስተካክዬ ጀመርኩ።

«ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው።»

አፌ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። አጠገቡ የእኔ ቀይ ራይት አለ። ቀና ብዬ አየሁት። በትሕትና እየጠበቀኝ ነው።

«ይቀጥሉ» አለ።

እጄ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ። ሂርና ሊስን ነበሩ፤ መጀመሪያው ድምፅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ፣ ሁለተኛው ሰው ልብ ብሎ ሲያዳምጥ ነው። «ባለቤቴ ግድግዳውን ትደበድባለች። ጎረቤት ይሰማል፤ አያዳምጥም።» ከሥሩ በእጅ ጽሕፈቴ፣ ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል። ከኋላ የልብስ ሰፊዋ ቦርሳ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይቀጥሉ ቲቸር።»

ሌላ ገጽ ገለጥኩ። ሪመምበርና ሪማይንድ፤ ራስ ማስታወስና ሌላውን ማስታወስ። ዓይኔ ቀድሞኝ መስመሩን ጨረሰው። ወንድሜ ረስቶኛል ብዬ አላምንም፣ እባክዎ በዚህ ቁጥር ደውለው ያስታውሱት ይላል። ቀጥሎ ቁጥሩ አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብዬ የተሳሳተ ትርጉም ሰጠሁ።

«ይሄ... ይሄ ስለ ሥራህ ነው። ስለ ብረት ዋጋ።»

በያጁ ነጠብጣባም ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። «ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም ቲቸር። ይሄ የወንድሟ ስልክ ነው።» ደብተሩን ዘጋና ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠው። «ባለቤቴ ኮሌጅ ጨርሳለች፤ የቤት ሥራውን የምትሠራልኝ እሷ ናት፤ እኔ የምገለብጠው ብቻ ነው። ስለ ሥራህ ነው የምጽፈው ብላኝ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። አፍ ብቻ መዝጋት እንደማይበቃ ግን ዛሬ አስተማሩኝ። አመሰግናለሁ።»

ተነሣ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ደረጃውን ሲወርድ እርምጃው ይሰማኛል፤ አይቸኩልም። ቢሮጥ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር!» ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ያዘችኝ። «ሚስቴ ውጭ ሀገር ናት እኮ ነው የሚለው! ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እዚያ ሄጄ ነው የምቀላቀላት ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። እኔ የምኖረው ከእሱ ሱቅ ኋላ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ግድግዳው ሲደበደብ እሰማ ነበር። ብረት ይቀጠቅጣል እያልኩ...»

ቁጥሩን ደወልኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ። አንድ ወንድ አነሣ።

«ስለ እህትህ ነው የምደውለው» አልኩት።

«አስከሬኗ ነው የተገኘው?» አለኝ።

«በሕይወት አለች። ከባሏ ሱቅ ኋላ ናት። ቶሎ ናልኝ ወንድሜ፣ ባሏ አውቆብናል።»

ከከተማው ጫፍ ነበር፤ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ልብስ ሰፊዋ ለፖሊስ ደወለች፤ እንመጣለን አሏት፣ መቼ እንደሆነ አልነገሯትም። ደብተሩን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ደረጃ በሁለት በሁለት ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ታለቅሳለች፤ እኔ ባለታክሲውን እሰድባለሁ። ቀይ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር በያጁ በእግሩም ቢሆን የሚቀድመን ይመስለኝ ነበር። እውነትም ቀድሞን ነበር።

ሱቁ ፊት ለፊት መንገድ ላይ ነው። ከጎኑ ባለች ቀጭን መተላለፊያ ወደ ኋላ ሲገባ የብረት በር አለ፤ መስኮቶቹ በላሜራ ተደፍነዋል። መተላለፊያው አፍ ላይ አንዲት አትክልት ሻጭና ሁለት ሦስት አላፊ አግዳሚ ቆመው ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለዋል። ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል።

በያጁ ጭምብሉን አጥልቆ በሩ ሥር በርከክ ብሏል። በሩን ከመቃኑ ጋር እየበየደው ነው። ከላይ ጀምሮ ታችኛው ማጠፊያ ድረስ ወርዷል፤ ያለፈበት ቦታ ገና ቀልቶ ይጨሳል። ሰው ሁሉ ያያል፤ የሚያየው ግን አንድ ሠራተኛ በር ሲያስተካክል ነው።

«አቁም!» ብዬ ጮኽኩ።

ጭምብሉን ከፍ አደረገና አየኝ። «ቲቸር፣ አይቅረቡ። ብርሃኑ ዓይንዎን ይጎዳዋል» አለኝ፤ የሰሌዳ ጠራጊው ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። ጭምብሉን መልሶ ወደ ሥራው ዞረ።

ከውስጥ ሳል ሰማሁ። የሴት ሳል። ጭሱ በበሩ ሥር እየገባ ነበር።

እጁን ልያዝ ብል አቅም የለኝም። ያለኝ ድምፅ ነው፤ አርባ ሰው ዝም የሚያሰኝ ድምፅ። ደብተሩን ከፈትኩና ወደ መንገዱ ዞሬ፣ በእኛው ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። «ባለቤቴ ውጭ ሀገር ናት ይባላል! የት እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ!» አትክልት ሻጯ እጇን ከዓይኗ ላይ አወረደች። «ስልኳን ሸጥኩት! መስኮቱን ደፈንኩት!» ከማዶ ጋራዥ ሰዎች ወጡ። «ግድግዳውን ትደበድባለች፤ ጎረቤት ይሰማል፤ አያዳምጥም!» ልብስ ሰፊዋ እሪ አለች፣ «እውነት ነው! እኔ ሰምቻለሁ! እኔ ራሴ ሰምቻለሁ!»

ከጋራዡ የወጣ አንድ ግዙፍ መካኒክ ሱቁ ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለው። ብርሃኑ ጠፋ። ያኔ ሳሉ ለሁሉም ተሰማ። ሦስት ሰው ሄዶ በያጁን ከመሬት አነሣው። አልታገለም። «የገዛ ቤቴ በር ነው» ብቻ ይል ነበር፣ ደጋግሞ።

መካኒኩ የበያጁን የገዛ መቁረጫ አምጥቶ ብየዳውን መፍለጥ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያን ያህል የረዘመ ሩብ ሰዓት አላውቅም፤ ሳሉ ባቆመ ቁጥር ልቤ ትቆማለች። በመጨረሻ በሩ ተገንጥሎ ወደ ውጭ ተጋደመ።

አፏን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ወጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ ግን ግማሹ ሸብቷል። ብርሃኑ አስቸገራትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከእግሯ ሥር አደረገችላት። ሴትየዋ አመሰገነች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ደብተር አየች።

«ቲቸር እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «አላነበብኩትም።»

«አውቃለሁ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱ ነው የከፋኝ። «አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው ያወቅኩት። ሁለቱን ቃላት ሆን ብዬ አቀያየርኳቸው፤ አሥሩም ላይ። ኤክስ ካደረጉብኝ ቢያንስ የሚያየኝ ሰው አለ ብዬ። ደብተሩ እስኪመለስ ከበሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ።»

የአምስተኛውን ሳምንት ገጽ ገለጥኩ። መዋስ የሚገባው ቦታ ማዋስ፣ ማዋስ የሚገባው ቦታ መዋስ። አሥሩም ስሕተት ናቸው። የጎበዝ ተማሪ ደብተር ነው ብዬ ያን ዓርብ የተሰመረባቸውን ቃላት እንኳ አላየሁም፤ አሥሩም አጠገብ ቀይ ራይት አለ።

እንባዬ መነጽሬን ጋረደው። «ታዲያ ማንም እንደማያነብሽ እያወቅሽ» አልኳት፣ «ሌላ አራት ሳምንት ለምን ጻፍሽልኝ?»

«ሌላ የምጽፍለት ሰው አልነበረኝማ» አለች።